ዘፋኙ በእኔ በኩል ቀረ

አባታችን ሲሞት እኔና ታላቅ ወንድሜ ቤቱን መሃል ለመሃል ተካፈልነው። እሱ በብሎኬት ግድግዳ አስገነባበት። ቆጣሪያችን አንድ ስለሆነ የመብራት መስመር የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ቀረች፤ እሷንም እኔ በጨርቅ ወተፍኳት። ያስቸገረን የአባታችን ቴፕ ነው። ቴፑንና አንዱን ስፒከር እሱ ወሰደ፤ ሁለተኛውን ስፒከር እኔ ይዤ አለቅም አልኩ። «ያለ ቴፕ ምን ያደርግልሻል?» ያሉኝ ነበሩ። የተኮስኩትን ልብስ አስቀምጥበታለሁ አልኳቸው፤ አስቀመጥኩበትም። እናታችን በሕይወት ሳለች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትለን ነበር፤ ሞኙ ማን፣ ወረቀቱ ማን እንደሆነ ግን አልነገረችንም።

ከዚያ ወዲያ ተኳረፍን። ጋሼ ማለቱንም ተውኩት።

አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ ከወዲያ በኩል የአባታችን ዘፈን ተሰማኝ። በብሎኬቱም በጨርቁም አልፎ ሲመጣ መግቢያውን ለየሁት። ዘፋኙ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ግን ዘፋኙ አልገባም። ወንድሜ ገባ። እሪ አለ።

ሚስቱን በር ላይ ጠብቄ «ባልሽን ምን ነካው?» አልኳት።

«ተዪኝ እትዬ! ዘፋኙ ጠፍቶበት እኮ ነው። ቴፕ ጠጋኙ ‹ጤነኛ ነው› ብሎ መለሰው። አሁን በዘፋኙ ፈንታ ራሱ ይዘፍናል። ጎረቤቱ አህያ ገዛችሁ ወይ እያለ ይጠይቀኛል።»

ነገሩ ገባኝ። ዘፋኙ የሚወጣው በእኔ ስፒከር ነው፤ እኔ ደግሞ አንሶላ ጭኜበታለሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በኋላ ግን አንጀቴ አልቻለም። አባቴ በእረፍት ቀኑ ያን ዘፈን ከፍቶ እኔን ባንድ እጁ፣ ወንድሜን ባንድ እጁ ይዞ ያስጨፍረን ነበር። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሙሉውን መስማት አማረኝ። ስፒከሬን ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሰጥም።

ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄጄ የስፒከር ሽቦ አልኩ።

«ያለኝ የመብራት ነው፤ ይሄ ድርቡ። ርካሽ ነው» አለኝ ባለሱቁ።

«ዘፈን ያሳልፋል?»

«እናቴ፣ መብራት ያሳለፈ ሽቦ ዘፈን ያቅተዋል?»

ጫፉን በጥርሴ ልጬ ከስፒከሬ ጋር አሰርኩት። ጨርቁን ነቅዬ ሌላውን ጫፍ በቀዳዳዋ ሰደድኩት፤ የወንድሜ ሚስት ባሏ ሳያይ ከቴፑ ኋላ አገናኘችልኝ። በጠራራ ፀሐይ ወንድሜ ቴፑን ሲከፍት ዘፋኙ ክፍሌ ውስጥ ከተፍ አለ። ብቻውን። ከበሮ የለ፣ ጊታር የለ። ራቁቱን የቆመ ሰው ያየሁ ያህል አፈርኩለት።

በቀዳዳዋ ድምፅ መጣ።

«አንቺ! ዘፋኙን መልሺ!»

«አንተ ከበሮውን ላክ!»

«ከበሮ በዚህ ሽቦ አያልፍም! ርካሽ ነገር ገዝተሽ! ቀጭን ሽቦ የሚያሳልፈው ቀጭን ድምፅ ነው። ከበሮ ወፍራም ነው።»

እውነት መሰለኝ። ተመልሼ ሄጄ ባለሱቁን ወፍራም ሽቦ ጠየቅኩት፤ ከበሮው አላልፍ ብሏል አልኩት። ሰውዬው ራሱን አከከ።

«ሌላው ስፒከር የት ነው?»

«ወንድሜ ክፍል።»

«እንዲህ በይኛ! የድሮ ዘፈን ነው። ዘፋኙን ባንዱ ስፒከር፣ አጃቢውን በሌላው ያደርጉት ነበር። ሽቦዬ ምንም አላጠፋም። ሁለቱን አንድ ክፍል አስቀምጡና ተገላገሉ።»

«ማን ክፍል?»

«እሱን እኔ አልሸጥም» አለኝ።

ለወንድሜ በቀዳዳዋ ነገርኩት። «እኔ ክፍል» አለ። «እኔ ክፍል» አልኩ። እንደገና ተኳረፍን። ትንሽ ቆይቶ ዘፈኑን ከፈተው። እኔም ቀስ ብዬ ጆሮዬን ቀዳዳዋ ላይ ለጠፍኩ። ከበሮው መጣ! ባንዱ ጆሮ ዘፋኙ፣ ባንዱ ጆሮ ከበሮው። ደስታዬን ሳልጨርስ ከበሮው ድርግም አለ። ለካ እሱም ከዚያ በኩል ጆሮውን ለጥፏል።

«ጆሮህን አንሳ!»

«አንቺ አንሺ!»

ማንም አላነሳም። ዘፈኑ አለቀ።

በማግስቱ ቀዳዳዋን በማንኪያ እጀታ መፋቅ ጀመርኩ። ከወዲያም መሮ ይንኳኳል። ቀድሞ የጀመረው ማን እንደሆነ እስካሁን እንጨቃጨቃለን። ብሎኬቱ ተነቃነቀ፣ ተነቃነቀና ወደ እኔ ወደቀ። በክፍተቱ የወንድሜ ፊት ብቅ አለ፤ ግንባሩ ሲሚንቶ ለብሷል። ፀጉሩ እንደ አባታችን ወደ ኋላ ሸሽቷል። መቼ እንዲህ አረጀ?

«ጋሼ፣ እግሬን ልትሰብረኝ ነበር እኮ!» አልኩ። ጋሼ ያልኩት አምልጦኝ ነው።

ግንባሩን በእጁ ጠረገ። ከዚያ ሄዶ ቴፑን ከፈተውና «ከበሮው ይሰማሻል?» አለኝ።

ይሰማኛል። ዘፋኙም ከበሮውም አንድ ላይ፣ ልክ አባታችን እጃችንን እንደያዘን።

«ትንሽ ታፍኗል» አልኩት። «አንድ ብሎኬት ቢነሳለት ጥሩ ነበር።»

አነሳ።

አሁን ግድግዳው ወገቤ ድረስ ነው። ሚስቱ በላዩ ሻይ ታቀብለኛለች። ስፒከሬ እኔ ክፍል ነው፣ የእሱም እሱ ክፍል፤ በመሃል ያችው ርካሽ ሽቦ ተዘርግታለች። የሚያናድደኝ ወንድሜ ዘፋኙ ከተመለሰለት በኋላም አብሮ መዝፈኑን አለመተዉ ነው። ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር «አሁንስ?» ይለኛል።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ ጋሼ» እለዋለሁ።