ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

አዶኒያስ ቁመቱን የሚያክል ሻንጣ በጀርባው አዝሎ፣ ጺሙን አጎፍሮ፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በአውቶቡስ ሲያካልል ከርሞ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የአክስቱ ልጅ ኪራኮስ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ተቀበለው። ሲያቅፈው እጁ በሻንጣው ማሰሪያ ተጠላለፈና ሁለቱም ሳቁ። የኪራኮስ ሳቅ ግን አልዘለቀም። የአዶኒያስ አባት አቶ ወልደአምላክ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ አርፈዋል፤ ቀብሩ ልጁን እየጠበቀ ነው፤ ልጁ ደግሞ ምንም አልሰማም። መንገድ ለመንገድ የሚዞርን ሰው የት ብሎ ማግኘት ይቻላል?

የአዶኒያስ እናት ለወይዘሮ የወይንሐረግ ደውላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነቻት፤ ልጄ እናንተ ጋ ሲደርስ በስልክ እንዳይሰማ፣ ሰው ባለበት አስቀምጣችሁ አርዱልኝ። የወይንሐረግ የኪራኮስ እናት ናት፤ የሟች ታናሽ እህትም እሷው ናት።

መርዶ ደግሞ እንደ ወሬ በር ላይ አይነገርም። ነገሩን ከሩቅ ጀምሮ የሚያመጣ ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ ደግፎ የሚይዝ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ያስፈልጋል። ሽማግሌው ጋሽ ልሳነወርቅ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሚውሉት፤ ከሌሎቹ ግማሹ ሆቴል፣ ግማሹ ሆስፒታል ይሠራል። ሁሉም አንድ ላይ ከሥራ ኦፍ የሚሆኑት ቅዳሜ ጠዋት ሆነና ቅዳሜ ተቆረጠ። አሜሪካ መርዶን እንኳ ወረፋ ታስይዛለች። እስከዚያ ድረስ ኪራኮስ ፈቃድ ወስዶ እንግዳውን አገር እንዲያሳይ፣ በተለይ ደግሞ ከስልክ እንዲያርቅ ታዘዘ። የቤቱ ስልክ ተነቅሎ ተበላሽቷል ተባለ።

ኪራኮስ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ከማለት በቀር ከተማውን አያውቀውም። ሐውልቶቹንም ሙዚየሞቹንም ያያቸው እንደ አዶኒያስ ገና ያን ሰሞን ነው። ልዩነቱ አዶኒያስ ሐውልት ሲያይ እሱ የሕዝብ ስልክ ማየቱ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ይህን ያህል ስልክ በየማዕዘኑ ተተክሎ መኖሩን አልጠረጠረም ነበር። አንዱን ባየ ቁጥር እንግዳውን በክንዱ ይዞ መንገድ ያሻግረዋል፤ አዶኒያስም የዚህ አገር ሰው መንገድ መሻገር ይወዳል ብሎ ተወው።

ማታ ማታ የወይንሐረግ አበባ ያለበት ቀሚሷን ለብሳ ትጠብቃቸዋለች። ብላ፣ ጨምር፣ ከስተሃል ትለዋለች፤ ቀልዱ ባይገባትም ትስቃለች። ልብስ አጥባለሁ ብላ ወደ ምድር ቤት የምትወርደው ግን በዝቷል።

ሐሙስ ዕለት አዶኒያስ ወደብ ማየት አማረው። በጎተንበርግ ወደብ ያደገ ነውና መርከብ ሳያይ ብዙ መቆየት አይችልም። በሜትሮ አሌክሳንድሪያ ሄዱ፤ ኪንግ ስትሪትን ይዘው ወደ ውሃው ቁልቁል ወረዱ። መንገድ ላይ ከአንድ የፖስትካርድ መሸጫ ስሂን የምትባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ብቅ አለች። የአቶ ወልደአምላክን መሞት ሰምታለች፤ የቅዳሜውን ቀጠሮ ግን የነገራት የለም። ኪራኮስን አቅፋ ሳመችው። ልጁ ማን እንደሆነ ከፊቱ ስላወቀች እሱንም ሳመችውና ሁለቱንም እያየች፣ “እግዜር ያጥናችሁ” አለች።

አዶኒያስ “አሜን” አለ። አማርኛው ጎደሎ ቢሆንም እግዜር ያለበት ነገር ሁሉ አሜን እንደሚባል ከልጅነቱ ያውቃል። ኪራኮስ ሴትዮዋን ተሰናብቶ ይሁን ሳይሰናበት እንኳ ሳያውቀው ልጁን ይዞት ሄደ።

ጥቂት እንደሄዱ አዶኒያስ ኮስተር አለ። ማጥናት ስተዲ ማድረግ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ መውጣቱን እሱ የማያውቃት ሴት ሳትቀር ሰምታ፣ መንገድ ላይ አቁማ አጥና ትለዋለች? ኪራኮስ የዚያን ጊዜ እግዜርንም አማርኛንም አመሰገነ። “ሐበሻ እንዲህ ነው፣ ዶንት ወሪ” አለው።

ወደቡ ሲደርሱ ጀልባዎቹ ጥቂት፣ ውሃውም ጭቃማ ነበር። አዶኒያስ፣ ይሄን ነው ወደብ የምትሉት ብሎ ቀለደ። ወዲያው ግን ቀልዱን ተወና የአባቱን ነገር አነሳ። ከቤት ሲወጣ ተጣልተው ነበር። አባትየው በር ላይ ቆመው፣ ዞረህ ዞረህ መመለሻህ ትምህርት ነው፣ አጥና ብለውት ነበር፤ እሱም በሩን ወርውሮት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለእናቱ እንጂ ለእሳቸው ደውሎ አያውቅም።

“ሴትዮዋ ልክ ናት” አለ። “አሁን ኮል ላደርግለት ነው። ለመስከረም እመለሳለሁ ልበለው፤ ደስ ይለዋል።”

የስልክ ካርዱን አውጥቶ ውሃው ዳር ወዳለው ስልክ ሄደ። ኪራኮስ ብዙ ሊል ይችል ነበር፤ ተበላሽቷል፣ እዚያ መሽቷል፣ ነገ ትደውላለህ። ያ ሁሉ ውሸት በአንድ ጊዜ ሰለቸው፤ በራሱም አፈረ። አዶኒያስ ቁጥሩን መደወል ሲጀምር እሱ የስልኩን መንጠቆ በጣቱ ተጫነው።

“ያ ቃል ስተዲ ማለት አይደለም፣ አዶኒ። ሰው ለሞተበት ነው የሚባለው።”

“ማን ሞተብን?”

“አባትህ።”

አዶኒያስ አልጮኸም። እጀታውን በቀስታ ቦታው መለሰው፤ ካርዱንም ኪሱ ከተተ። ቱሪስቶች አይስክሬም ይዘው በአጠገባቸው ያልፉ ነበር። ኪራኮስ ደግፎ የሚይዝ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ጠፍቶት ቆመ። አዶኒያስ አክስቱ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀው።

“እህቱ እኮ ናት።”

“አላለቀሰችም።”

“አንተ ሳትሰማ እንዴት ብላ? ምድር ቤት ትወርድና የልብስ ድራየሩን ባዶውን ታስነሳለች። ድምፁ ውስጥ ታለቅሳለች።”

አዶኒያስ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። እንባው የመጣው ያኔ ነው፤ በእጅጌው ጠርጎ ቤት እንሂድ አለ። ኪራኮስ የተባለው ቅዳሜ ነው ሊለው ጀመረ፤ አዶኒያስ ግን የጣቢያውን አቅጣጫ ይዞ ሄዷል።

ሲደርሱ የወይንሐረግ በአበባ ቀሚሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ምን ምን አያችሁ እያለች ፈገግ አለች። አዶኒያስ በሩ ላይ ቆሞ አማርኛውን አፉ ውስጥ ሲያስተካክል ቆየ።

“አክስቴ፣ ሰምቻለሁ” አለ። “አሁን አልቅሺ።”

እሷ መጀመሪያ ተቆጣች። ልጇን እያየች ቅዳሜ ተባብለን አልነበረም ወይ አለች፤ ጋሽ ልሳነወርቅ ቃል ሰጥተዋል፣ ዊተን ያሉት ይመጣሉ፣ ሪቨርዴል ያሉትም እያለች ቆጠረች። መቁጠሩን መሃል ላይ ተወችው። ቢላዋውን አስቀመጠች።

“ወንድሜን” አለች፤ ድምፅ አውጥታ ስትለው ገና የመጀመሪያዋ ነው። አዶኒያስ ደርሶ ደግፎ ያዛት፤ እሷን እንደያዘም አባቱን አለቀሰ።