የአክስቴ ጫማ ሦስት እሑድ

«የትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪ ባዶ እግሯን የመጣችን ሴት ቀና ብሎም አያያት፤ ከደጃፍ ነው የሚመልሳት» ትላለች እንቁላል ነጋዴዋ ኦኖራ። ሰኞ አለችው፣ ማክሰኞ ደገመችው፤ ረቡዕ እናቴም ከራሷ ያፈለቀችው ይመስል ትለው ጀመር።

ተቆጣጣሪው ሐሙስ ፈትኖ የሚሰጠውን የረዳት መምህርነት ቦታ ከነፍሴ ነበር የምፈልገው። ፊደል የቆጠርኩት ሻይ ተጠቅልሎበት በሚመጣ ጋዜጣ ነው፤ በሰበካችን ካሉት ባለጫማዎች ግማሹ ስሙን መጻፍ አይችልም። ቢሆንም ባለጫማ ባለጫማ ነው። በቤታችን የነበረው አንድ ጥንድ ደግሞ የሟች አክስቴ የሳይቭ ነው። በአገራችን እምነት፣ የሟችን ጫማ ዘመድ ሦስት እሑድ ለቅዳሴ ካልተጫማላት እሷ በወዲያኛው ዓለም ባዶ እግሯን ናት። እኔ የተጫማሁላት ሁለቱን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጫማውን በማሰሪያው አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አራት ማይል ጭቃውን አቋረጥኩ። ሴት ሁሉ እንደሚያደርገው ድልድዩ ሥር እግሬን ታጥቤ ተጫማሁ። ትምህርት ቤቱ ደጅ ስደርስ የሳይቭ ባል፣ አጎቴ ታይግ፣ አህያው ላይ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ የአፈር ማገዶ ጭኖ ቆሟል። እግሬን አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አንቺ! የማን ነው ያደረግሽው?»

«አጎቴ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ…»

«በሐሙስ? ሦስተኛው እሑድ ሳይደርስ? ሚስቴ እሾህ ላይ ቆማ አንቺ ለሹመት ትዘንጪበታለሽ?»

«ሙታን ጫማ የሚያደርጉ ከሆነ ጫማ ሰፊም አያጡም፤ እዚያው ሌላ ታሰፋ!»

ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ምነው በመታኝ! እሱ ግን ጭቃው ላይ ተንበረከከ። በቀብሯ ዕለት እንባ ያልወጣው ሰው «ሳይቭዬ፣ መጣልሽ፣ አሁን መጣልሽ» እያለ፣ እያነባ፣ ማሰሪያውን ይፈታ ጀመር። አንዱን እግሬን አነሳሁለት፤ ከዚያ ሌላውን።

ከውስጥ ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠራ። በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም። ባዶ እግሬን ገብቼ ከምባረር ሳልገባ ልመለስ ብዬ ዞርኩ።

ቦታው በዚያው ቀን አብራኝ ለተፈተነችው ለጎረቤታችን ልጅ ለኡና ሆነ። ሁለት ዓመት ካስተማረች በኋላ፣ ምንጭ ዳር ተገናኝተን እየሳቀች አጫወተችኝ፤ ያን ቀን ተቆጣጣሪው ሪህ ተነሥቶበት፣ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ባዶ እግሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ነበር የዋለው።