ሙሉ ጆግ ከርከዴ

ቡሰይና ከርከዴ አታፈላም። ትኩሱ የደም ግፊት ያወጣል፣ ቀዝቃዛው ያወርዳል ይባላል፤ ባሏ በደዊ ደግሞ ግፊትም ኩላሊትም ያለበት ሰው ነው። ጠዋት ሦስት እፍኝ ደረቅ የከርከዴ አበባ በቀዝቃዛ ውኃ ትነክራለች። እኩለ ቀን ላይ ዝንጅብል ወቅጣ፣ ናና በጣቷ አሽታ ትጨምርበትና በስስ ጨርቅ ታጠልለዋለች።

የጋሽ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ በሆነበት በዚያ ሙቀት፣ ለበደዊ የሚደርሰው ግን በቀን አንድ የሻይ ብርጭቆ ነበር። የሆስፒታሉ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ከተበላሸ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። እግሩ አብጧል። ሐኪሙ፣ "ከዚህ በላይ ከጠጣ ውኃው ሳንባው ውስጥ ይገባል" ብሏታል።

"የኢብቲሳም እናት፣ ይህን ለድመት ነው የቀዳሽው?" አላት በደዊ ከገመድ አልጋው ላይ።

"ለድመቷማ ጨመር አደርግላት ነበር። ጠጣ።"

"በሠርጋችን ቀን አንድ ጆግ ስጨርስ እናትሽ 'ይህን ግመል ከየት አመጣችሁት?' አላለችም?"

"ብላለች። ሐሳቧንም አልቀየረችም።"

"እንግዲያው ለግመሉ ጆጉን ስጪው!"

"ኀሙስ የማሽኑ መለዋወጫ ዕቃ ከወደቡ ይመጣል፣ ማሽኑም ይሠራል። ታጥበህ ስትመለስ እሰጥሃለሁ።"

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ነርሷ ደወለች። ቡሰይና ባሏ እንዳይሰማ ወደ ግቢ ወጣች።

"አክስቴ፣ ዕቃው አልተገኘም" አለች ነርሷ።

"መቼ ይገኛል?"

"አትጠብቁ ነው የተባልነው።"

"ገዳሪፍ ሆስፒታልስ ብንወስደው?"

"እነሱም የራሳቸውን ሕመምተኛ እየመለሱ ነው። በዚያ ላይ መንገዱን አይችለውም፣ አክስቴ።"

ቡሰይና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ ማጀት ገብታ ጆጉን አወረደች፤ እስከ አፉ ሞላችው፣ ስኳሩንም አበዛችው፣ በረዶ ጨመረችበት። ከእንግዲህ በጥም ለምን ይቃጠል? ደስ እንዲለው ብቻ ነበር ያሰበችው።

በደዊ ጆጉን ሲያይ ፊቱ በራ። በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። እጁን ከዘረጋ በኋላ ግን መልሶ ሰበሰበው።

"ዛሬ ረቡዕ ነው" አለ።

ቡሰይና ምን እንዳደረገች የገባት ያን ጊዜ ነው። ጆጉን ይዛ መመለስም አልቻለችም።

"ደወሉ?"

"ደወሉ።"

በደዊ እጁን እንደገና ወደ ጆጉ ዘረጋ። "ደግፊኝ" አላት። ጉሮሮው እየጮኸ ጠጣ። ቀዩ ከርከዴ በአገጩ ወርዶ ነጭ ጀለቢያውን ሲያበላሽ አልጠረገችለትም። ግማሹን ሲያደርስ ትንፋሽ አጠረውና አቆመ።

"ጥሩ ወጥቶልሻል" አለ። ቀጥሎም፣ "ለኢብቲሳም ደውዪላት። ከሐልፋ ዛሬውኑ ትነሣ፣ ነገ እንዳትል።"

ቡሰይና ስልኩን አንስታ ወደ ግቢ ልትወጣ ስትል፣

"እዚሁ ደውዪ" አላት፤ "ድምጿን ልስማው።"