መሞት የተከለከለው ጥሩምባ ነፊ

ይህን ታሪክ ከዋሸሁ የጅማ ቡና አይጣፍጠኝ!

ደሬሳ ከኦጋዴን ጦርነት ተመለሰ። ጓዶቹ እዚያ ስለቀሩ መትረፉ ራሱ ወንጀል መሰለው። አንድ ቀን ካፖርቱን ለጎረቤቱ ለዙሀራ ሰጥቶ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደ። «ጋሽ ቱሉ፣ መኖር በቃኝ» አላቸው።

ጋሽ ቱሉ ሞት የሚለፈፍበትን ጥሩምባ አሸከሙት። «ከዛሬ ጀምሮ ጥሩምባ ነፊያችን ነህ። አንተ ብትሞት ሞትህን ማን ይነፋልናል? ተተኪ ሳታሰለጥን መሞት ክልክል ነው!»

ደሬሳ ዙሀራን ጨምሮ ሰባት ጎረቤት አሰለጠነ። ሰባቱም እንደ አህያ አናፉ፤ አንዲት አህያም ከመርካቶ መለሰችላቸው።

«ሆን ብላችሁ ነው አይደል?» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያስ!» አለች ዙሀራ። «አሳምረን የነፋን ቀን ትሞትብናለህ፣ ወላሂ! ካፖርትህንም ውሰድ፣ ያሳክካል።»

ደሬሳ እየሳቀ አለቀሰ፤ የጓዶቹንም ስም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ በአንድ ነገራቸው።

አህያዋን ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት።