በአምስትና በስድስት መሃል

መዝጋቢዋ ከጧት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ስትል አረፈደች። ውሃ ልትቀዳ ትነሳለች፣ ባዶ ብርጭቆዋን ይዛ ትመለሳለች። አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ልኬት አለቃው ቢሮ ይጠራሉ፤ የስንብት ደብዳቤያቸው ተጽፎ አልቋል። ለዚህ ያበቃቸው ደግሞ ሌላ ነገር አይደለም፣ የእሷው ምላስ ነው።

ጋሽ ልኬት የጭነት ተቀባይ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሜትራቸው ከኪሳቸው አይለይማ! ሌሎቹ ተቀባዮች ሳጥኑን ገረፍ አድርገው አይተው "ስድስት ሜትር ኩብ" ብለው ይጽፋሉ። እሳቸው ግን ተንበርክከው ለክተው "አምስት ነጥብ አራት" ይላሉ። እሷንም ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ትላንት በሥራ አዳራሹ በተደረገው ስብሰባ ላይ አለቃው የአሥራ ሁለት ሳጥን ማጓጓዣ ዋጋ ለምን እንዳልወጣ፣ ሳጥኖቹም ለምን መጋዘን ውስጥ እንደተገተሩ ጠየቀ። አሥራ ሁለቱም ጋሽ ልኬት የተቀበሏቸው ሆነው ተገኙ። እሷም ማን ጠየቀኝ ሳትል ዘላ ገባች፤ ጋሼ እኮ ደክመዋል፣ ቁጥር ሲያስገቡ ይሳሳታሉ አለች። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ያለው ሰው ይቺን ሴትዮ ሳያውቃት አልቀረም።

ዛሬ የስህተቱን ማስረጃ ላምጣ ብላ ዳታቤዙን ከፈተች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ወጣላት። የዋጋውን ሰንጠረዥ ባለፈው ሳምንት በገዛ እጇ የሞላችው እሷ ናት። አንዱ ረድፍ "ከአንድ እስከ አምስት" ይላል፣ ቀጣዩ "ከስድስት እስከ አሥር"። ኮምፒውተሩ የሳጥኑን መጠን ይዞ የሚገባበትን ረድፍ ይፈልጋል። ታዲያ አምስት ነጥብ አራት የት ይግባ? አንደኛውን አልፏል፣ ሁለተኛው ጋ አልደረሰም። ረድፍ ያጣ ሳጥን ዋጋ አይወጣለትም፣ ዋጋ ያልወጣለት ደግሞ አይጫንም። በግምት የጻፉት ሁሉ አለፉ፣ ለክተው የጻፉት ሽማግሌ ብቻ ወደቁ። ወይ ጉድ!

የመጀመሪያውን ረድፍ "ስድስት እስኪሞላ" ብላ አረመችው፤ ሌሎቹንም ክፍተቶች ደፈነች። አሥራ ሁለቱ ሳጥኖች ወዲያው ዋጋ አገኙ። አሁን ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? እናቷን የምትጦረው በዚህ ደሞዝ ነው፤ ፈራች። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ደግሞ ተቀመጠች። ሰዓቱን ስታይ አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሆኗል።

የአለቃውን በር ሳታንኳኳ ገባች። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ጋሽ ልኬት ሊፈርሙ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

"ስህተቱ የእኔ ነው" አለችና የረድፎቹን ነገር ሳትተነፍስ ዘከዘከችው። አለቃው አቋርጦ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ ከዚያ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተና የእሷን ጉዳይ ከሰዓት እንደሚያየው ነገራት።

ጋሽ ልኬት አላዩዋትም። "ሳጥኖቹ ዋጋ አገኙ?" አሉ።

"አገኙ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ትላንት ስሜን ያነሳሽው ሰው ሁሉ ፊት ነው። ይቅርታውን በር ዘግተሽ አትጠይቂኝ።"

ተነስተው በሩን ከፈቱላት። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሰው ከሥራው ቀና ብሎ አያት፤ ወጥታ መሃል ላይ ቆመች። ጋሽ ልኬት ወንበር ሳቡና ሊሰሟት ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።