በሦስት ወር የዳነው ወንድም

ልብስ ሰፊዋና ታላቅ ወንድሟ የተወለዱት አንድ ዓይነት ዳሌ ይዘው ነው። የሁለቱም የዳሌ አጥንት ጉድጓድ ጥልቀት ስለሌለው የጭናቸውን አጥንት ራስ በደንብ አያቅፈውም። ሐኪሙ ራጁ ላይ በእስክሪብቶ እያሳየ፣ አጥንቱን ቆርጦና አዙሮ በብሎን እንደሚያስረው፣ ያኔ ሰው ሠራሽ ዳሌ ሳይገባላቸው በገዛ ዳሌያቸው ሊኖሩ እንደሚችሉ ነገራቸው። መጀመሪያ የተኛው ወንድሟ ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ስላላለቀሰ "ብረቱ" ይሉታል። ቀዶ ሕክምናው በተደረገለት በሦስተኛው ወር መሪ ጨበጠ ተባለና ወሬው በዘመድ አዝማዱ ዘንድ ሲዞር ከረመ።

በዓመቱ ተራው የእሷ ሆነ። ያስታመማት ብረቱ ነው። ከሆስፒታል ስትወጣም ቦርሳዋን ተሸክሞ፣ ወረቀቷን ተቀብሎ፣ በእንቅስቃሴ የምታክመው የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት የምትለውን ቁጭ ብሎ የሰማው እሱ ነበር። እሷ ማስታገሻው አደንዝዟት ስለነበር ከዚያን ቀን ትዝ የሚላት የመኪናው የኋላ ወንበር ብቻ ነው።

"ሦስት ወር ነው እቴ" አላት። "እኔን አላየሽም?"

አመነችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ብረቱ ያለውን ተጠራጥራ አታውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት በሁለት ክራንች ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ መድረስ ቻለች። በሦስተኛው ወር አንዱን ጣለች፤ ሁለተኛውን ግን እጇ አልለቅም አለ። የስፌት መኪናዋን አሥር ደቂቃ ከረገጠች ብሽሽቷ ውስጥ የጋለ ሽቦ የገባ ይመስላታል። ያልተሰፋው የተማሪዎች ዩኒፎርም ደግሞ ጥግ ላይ ተከምሮ ይጠብቃታል። እናቷ ጠዋት ጠዋት እየመጣች በር ላይ ቆማ ታያታለች።

"ዛሬም በዱላ ነሽ?"

"ያመኛል እማዬ።"

"ወንድምሽንስ መች ሳያመው ቀረ? እሱ ግን ሰውነቱን አላዳመጠም።"

ይህ ቃል አጥንቷ ድረስ ገባ። ከዚያ ወዲያ ክራንቹን በር ጀርባ አቁማ ግድግዳና ጠረጴዛ እየያዘች መሥራት ጀመረች። ደንበኛ ሲገባ ፈገግ ትላለች፤ ሲወጣ ጨርቅ ትነክሳለች። ራሷን "ሰነፍ፣ አልቃሻ" እያለች ትሰድባለች። ብረቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ይልና "በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ" ብሏት ይሄዳል። እንዲህ እያለች አራተኛው ወር ሲጋመስ፣ የአንዲት ደንበኛን ወገብ እየለካች ሳለ እግሯ ከዳት፤ ሜትሩን እንደያዘች የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተዘረረች።

በታክሲ ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ ያደረሰቻት ያቺው ደንበኛ ነች። ፊዚዮቴራፒስቷ ጠና ያለች፣ እጇ የሞቀ ሴት ናት። እግሯን አጠፈችላት፣ ዘረጋችላት፣ ራጅ አስነሳቻት። አጥንቱ አልተነካም፤ የተቆጣው ጡንቻው ነው።

"ክራንቹን ጣይ ያለሽ ማነው?"

"ሦስት ወር አለፈኝ እኮ። ወንድሜ በሦስት ወር ነው የዳነው።"

ሴትዮዋ እጇን ከእግሯ ላይ አነሳች። "ለወንድምሽ ነግሬው ነበር። እዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጦ። እኛ ጋ የሚመጡት ሴቶች ብዙውን ጊዜ ከወንዶቹ የባሰ ሕመም ይዘው ነው የሚገቡት። ከባሰ ደረጃ ስለሚነሱ የመጀመሪያዎቹ ወራት ይከብዷቸዋል፤ ውለው አድረው ግን እነሱም በደንብ ይሻላቸዋል። አንቺ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ በታመመ ዳሌ የስፌት መኪና ስትረግጪ የኖርሽ ነሽ። ከራስህ ጋር እንዳታወዳድራት፣ ዓመትም ቢሆን ታገሷት አልኩት። እሱም እሺ ብሎኝ ነው የወጣው።"

ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች።

ቅዳሜ ስለነበር ብረቱን እናታቸው ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ሲያይ አገኘችው። ሳትቀመጥ ጠየቀችው፦

"ያቺ ሴትዮ የወጣሁ ዕለት ምን ነበር ያለችህ?"

ብረቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰና ወደ እናቱ ዞር አለ። ያ አስተያየት አላመለጣትም።

"አንቺም ታውቂ ነበር እማዬ?"

እናቷ ፎጣ ማጠፏን አላቋረጠችም። "አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ። ዓመት ከተባለች ዓመት ትተኛለች ብዬ። ለአንቺው ብዬ ነው።"

"አንተስ ለማን ብለህ ነው?"

ብረቱ ከተጋደመበት ተነስቶ ተቀመጠ። "እኔ በሦስት ወር አልዳንኩም" አለ። "መኪናውን የሚነዳው ጓደኛዬ ነበር፤ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ነው የምሄደው። ቤት ደግሞ ሚስቴ ካልሲዬን ሳይቀር ታጠልቅልኝ ነበር። ሰው ብረቱ፣ ብረቱ ሲል ማስተባበሉ አሳፈረኝ። ከዚያ አንቺ ስትዘገዪ ይበልጥ አሞገሱኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ።"

ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው አልመጣም።

"እኔ የማልረባ ሆኜ ተፈጥሬ ነው እያልኩ ራሴን ስረግም አንተ በርቺ ትለኝ ነበር" አለችው።

"ይቅር በይኝ።"

"ዛሬ አልችልም።"

እናቷ "ምሳ ሳትበዪ?" ስትል እሷ በሩን አልፋ ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱንም ክራንች ይዛ ተነሣች። ዩኒፎርሙን ለጎረቤት ሰፊ አስተላለፈች፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ በየሳምንቱ ብቻዋን ሄደች። በአሥራ አንደኛው ወር የሆስፒታሉን ደረጃ ምንም ሳትይዝ ወጣች። እናቷ ለጎረቤት "ልጄም እንደ ወንድሟ ዳነች" ብላ እየሳቀች ስታወራ ሰማቻት፤ አላረመቻትም፣ አብራም አልሳቀችም።

ብረቱን ይቅር አለችው። ቤቷ ይመጣል፣ ያወራሉ፣ ሱሪውንም ታሳጥርለታለች። ነገር ግን ባለፈው ጊዜ ደውሎ "ዝናብ ሊጥል ነው፣ ያሰጣሽውን አስገቢ" ሲላት፣ እሺ ብላ ስልኩን ዘጋችና መጀመሪያ መስኮቱን ከፍታ ሰማዩን አየች።