አንዴ ብቻ የሚጠይቁበት አገር

…እና ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው፣ ለእሷ፣ ለሀረገወይን፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰፋፊ ወንበሮች፣ በመሀላቸው የምትታጠፍ ጠረጴዛ፣ ነጭ ትራስ፣ መጋረጃ፣ የሚዘጋ በር፣ የባቡር ክፍል ነው ወይስ የሚኒስትር ቢሮ፣ ተመስገን ጌታዬ፣ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ መደገፍ ፈርታለች፣ አሁን አንዱ መጥቶ ማዳም ተሳስተዋል የእርስዎ ቦታ ወደ ኋላ ነው ቢላትስ፣ ተደላድለው ከተቀመጡበት መነሣት ነው ውርደቱ፣ ከጫፍ መነሣት ምንም አይደል።

ማንም አይመጣም። ባቡሩ ተንቀሳቅሷል፣ ጡሩምባውን እየነፋ የመኪና መንገዱን መሀል ለመሀል ይዞት ይሄዳል፣ ግራና ቀኝ መኪኖቹ ተሰልፈው ቆመዋል፣ እሷ እስክታልፍ ነው እንግዲህ የሚጠብቁት፣ ወይ ጉድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ዕድሜዋን ሙሉ አውቶቡስ ስትጠብቅ የኖረችው ሴትዮ ዛሬ ተጠባቂ ሆነች፣ እጇን ልታወዛውዝላቸው ያምራታል፣ እፍረት ይዟት ትተወዋለች። ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ናት፣ የሰው አልጋ፣ የሰው ትራስ፣ የሰው ፎጣ፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰው ለእሷ ትራስ ነፋ ነፋ አድርጎ አስቀመጠላት፣ አንስታ ታሸትተዋለች፣ የእሷው ሆቴል ሽታ ነው፣ ያው ሳሙና፣ ከዚህኛው ወገን ሲያሸትቱት ግን እንዴት ደስ ይላል።

ወንጌላዊት ናት ይሄን ያደረገችው፣ አንድ ልጇ፣ የሆዷ ፍሬ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ነው ኦክላንድ የገቡት፣ አሁን ሳን ሆዜ ኮምፒውተር ኩባንያ ተቀጥራለች፣ ጥር ላይ ወደዚያው ጠቅልላ ሄደች፣ ባለፈው ሰሞን ደወለች፣ ማም፣ ለእትዬ ጥሩዬ ልጅ ሠርግ ሎስ አንጀለስ በባቡር ነው የምንሄደው፣ ፈርስት ክላስ፣ አንቺ ከኦክላንድ ትሳፈሪያለሽ፣ እኔ ሳን ሆዜ ስትደርሺ እገባለሁ፣ ቲኬቱን ገዝቼዋለሁ፣ ኖ ሪፈንድ። ሀረገወይን ኧረ ምን በወጣሽ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፣ ኖ ሪፈንድ ስትሰማ ገጠመችው፣ የማይመለስ ገንዘብ መጣል ኃጢአት ነው፣ ብልጥ፣ አወቀችባት፣ ምነው ያኔ፣ ምነው የአፓርትመንቷን ክፍል ያነሣችላት ጊዜ እንዲህ ባወቀችባት፣ ተይው እሱን፣ አሁን ስለ ክፍሉ አታስቢ፣ መስኮቱን እዪ።

መስኮቱን ታያለች። የሰው ጓሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ጎማ የሌለው መኪና፣ አንድ ውሻ፣ ትልቁ ስታዲየም።

ጉድ ሞርኒንግ ማዳም። ብድግ ትላለች፣ ይሄው መጡ፣ ተነሺ ሊሏት ነው፣ አይደለም፣ ትራሱን ያስቀመጠላት ሰውዬ ነው፣ ሽበታም ጥቁር አሜሪካዊ፣ ደረቱ ላይ ክላረንስ የሚል ተለጥፏል፣ ቁርስ ደርሷል ይላል፣ ምግብ ቤቱ ከሚቀጥለው ፉርጎ አለፍ ብሎ ነው፣ ይበላሉ? ኖ፣ ኖ፣ ታንክዩ፣ አይ አም ፉል፣ ሆዷን መታ መታ እያደረገች፣ የምን ፉል፣ የምን ጥጋብ፣ ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፣ ደስታው መች አስበላት፣ እንደዚያ ብላ አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች፣ አሁን ኧረ በሞቴ ይላታል፣ እሷ ኧረ አይቸገሩ ትላለች፣ ኧረ አፈር ስሆን፣ ትንሽ ነገር ይቅመሱ፣ እሷም እንግዲህ ካሉ ለወጉ ያህል ብላ ትነሣለች፣ እንዲህ ነው ሰው የሚጋበዘው፣ ደንቡ ነው፣ እንደተጠሩ ዘለው ማዕድ ላይ የሚወጡት ያላደጉ ናቸው። ኦኬ ማዳም፣ ይላል ክላረንስ። ይሄዳል።

ሄደ! ፈገግታዋን እንደያዘች ትቀራለች፣ ማን ላይ ታድርገው፣ ወደ መስኮቱ ታዞረዋለች። ቅዳሜ ነው ደግሞ፣ ጾም ነበር ብላ ራሷን እንዳታታልል፣ ሽታው በኮሪደሩ ይመጣል፣ እንቁላል፣ የተጠበሰ ድንች፣ ትኩስ ዳቦ፣ አሳማም አለበት፣ እሱ ይቅርባት፣ ድንቹ ግን፣ አቤት ድንቹ። ለመንገድ የቋጠረችው ዳቦ ቆሎ በፌስታል እግሯ ሥር አለ፣ ሁለት ትቆረጥማለች፣ ጮክ ብሎ ይሰማታል፣ በዚህ ወንበር ላይ ዳቦ ቆሎ መቆርጠም ቤተ መንግሥት ገብቶ ስንቅ መፍታት ነው፣ ትተወዋለች።

አይ አሜሪካ፣ አንዴ ይጠይቁሻል፣ አበቃ።

እንደዚያው ነበር እኮ የሆነው፣ ልክ እንደዚህ፣ የፋሲካ ዕለት፣ ወንጌላዊት መጥታ ዶሮውን በልተው፣ ልጅቱ እጇን ሳትታጠብ፣ እማዬ፣ ሁለት መኝታ ያለው አፓርትመንት አግኝቻለሁ፣ አንዱ ያንቺ ነው፣ ነይ አብረን እንኑር። የቤቷ መቀዝቀዝ፣ ልጇ ከሄደች ወዲህ ሁለት ሳህን አውጥታ አንዱን መመለሷ፣ ሊያልቅ ነው አለች በልቧ፣ በአፏስ? በአፏ ወግ ቀደማት፣ አይ ልጄ፣ እኔን አሮጊቷን ምን ታደርጊያለሽ፣ አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ኑሮሽን ኑሪ። ብላ ወደ ኩሽና ገባች፣ ሳህኑን ቀስ ብላ አጠበች፣ ያንኑ ሳህን ደግማ አጠበች፣ ከኋላዋ ኧረ እማዬ በሞቴ እስክትባል፣ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብትደግምላት፣ ኦኬ ማም አለች ልጅቱ፣ ከዚያ የቴሌቪዥኑ ድምፅ መጣ።

ኦኬ ማም። ኦኬ ማዳም። አንድ ዓይነት ናቸው።

እሺ፣ ራሷ ደውላ ልትላት ትችል ነበር፣ ልጄ ያ ክፍል እንዴት ሆነ ማለት ምን ይከብዳል፣ ይከብዳል እንጂ፣ እምቢ ያሉትን መልሶ መለመን፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፣ እናት ልጇን ታስጠጋለች እንጂ ልጇ ላይ ትጠጋለች? ሆድ ይፍጀው ብላ ከረመች፣ ዛሬ ጠዋት ግን ሳህሌ፣ ከታች ቤት የሚኖረው ባለታክሲ፣ ደግ ሰው ነው፣ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ጣቢያ ድረስ አምጥቷት፣ ሻንጣዋን እያወረደ፣ እትዬ ሀረግ፣ ወንጌላዊት አልነገረችዎትም እንዴ፣ የእህቴ ልጅ ፀደይ እኮ ሩምሜቷ ልትሆን ነው፣ ሁለተኛውን ክፍል ልትይዘው፣ ሰኞ የኪራይ ሊዙን ትፈርማለች። እሰይ አለች፣ እሰይ፣ እግዜር ያስማማቸው፣ ፊቷ ሳቀ፣ ሻንጣውን ይዛ ቆመች። ሰኞ። ዛሬ ቅዳሜ፣ ነገ ሠርግ፣ ሰኞ።

አሁን ደግሞ ባቡሩ ከቤቶቹ መሀል ወጥቶ ረግረጉን ይዞታል፣ በስተቀኝ የጨው ኩሬዎች፣ አንዱ ሮዝ ነው፣ በእናንተ ሞት፣ ሮዝ ውኃ፣ ነጫጭ ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመውበታል፣ እዚህ አገር ይሄን ያህል ዓመት ኖራ ይሄን አላየችም፣ እግዚአብሔር ምን ሠራህ፣ ለማን አሳይታ ለማን ትንገር፣ ትነሣለች፣ ክፍሉ ጠበባት፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትሄዳለች፣ አንድ በር ይከፈታል፣ ወይ መድኃኔ ዓለም። ሳሎን ነው። ባቡር ውስጥ ሳሎን፣ ምንጣፍ፣ መብራት፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ እንደ ፀጉር አስተካካይ ወንበር የሚዞር ባለ ክንድ ሶፋ፣ መስኮቱ እስከ ጣሪያ። እዚህስ የማይፈቀድ ይሆን? ክላረንስ ቡና እየቀዳ ነው፣ ያያታል፣ ይግቡ ማዳም፣ የፈርስት ክላስ ነው፣ የእርስዎ ነው።

ትቀመጣለች፣ ሶፋው ይዞራል፣ ሳታስበው ሙሉ ዙር ትዞራለች፣ ትስቃለች፣ ብቻዋን፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ቡና ወይስ ጁስ? ኖ ሊል ምላሷ ተነሥቶ ነበር፣ ትነክሰዋለች፣ ሃው መች? ምንም አይከፍሉም፣ ይላል፣ ኢንክሉድድ ነው፣ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም፣ ከሰዓት ወይን ቅምሻ አለ፣ ቲኬቱን የገዛልዎት ሰው ሁሉንም ከፍሎታል፣ ቢበሉም ባይበሉም የእርስዎ ነው። ታዲያ ለምን፣ ለምን፣ እንግሊዝኛው ይጠፋባታል፣ ታገኘዋለች፣ ለምን ደግመህ አልጠየቅከኝም? ሰውዬው ማንቆርቆሪያውን ያስቀምጣል፣ ግራ ይገባዋል፣ ኖ አሉኝ እኮ ማዳም፣ ሰው ኖ ሲለኝ አምነዋለሁ።

አምነዋለሁ።

ትደገፋለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጀርባዋን ሙሉ። አምናታለች ማለት ነው፣ ወንጌላዊት፣ ያን ዕለት፣ እናቷን አምና ነው የተወቻት እንጂ ጠልታት አይደለም፣ ስንት ሌሊት አገላብጣዋለች፣ ከልቧ ብትሆን ትደግምልኝ ነበር፣ ለወግ ያህል ነው የጠራችኝ እያለች፣ ለወግ ያህል የመለሰችው እሷ፣ ለወግ ጠራችኝ ብላ የምታማው ልጇን፣ አይ ሀረገወይን፣ አይ አንቺ። ልጅቱ ኦክላንድ ነው ያደገችው፣ ማን አስተማራት፣ ሦስቴ ለምኚኝ የሚለውን ማን ነገራት፣ እንዲያውም ቆይ፣ እቤት ሰው ሲመጣ ልመናውን ሁሉ የምትጨርሰው ሀረገወይን ራሷ ናት፣ ልጅቱ እኮ ክፍሏ ውስጥ ቤት ሥራ ላይ ነበረች። ተመስገን፣ ሌላ ምን ይባላል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ የብርቱካኑን ጁስ ትጠጣለች፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ለክላረንስ የእናቱን ነፍስ ይማርለት፣ እናቱ በሕይወት ካለች ያቆይለት።

ቁርሱ አለቀ እንዴ? አላለቀም፣ አሁን ላምጣ? ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል፣ ሁለት ጣቷን ታወጣለች፣ ሳን ሆዜ፣ ማይ ዳውተር፣ ቱ ፐርሰን። የስ ማዳም ይላል፣ ቦታ እይዝላችኋለሁ።

ሳን ሆዜ። ገና ባቡሩ ሳይቆም ታያታለች፣ የመድረኩ ጫፍ ላይ በእግሯ ጣት ቆማ መስኮት በመስኮት ትፈልጋታለች፣ ከስታለች፣ ትልቁ ጫማዋ፣ ይሄ ፀጉሯ፣ የኔ ዓለም፣ እዚህ ነኝ፣ እዚህ፣ መስታወቱን ትደበድባለች፣ ሰው ያያታል፣ ይይ። እማዬ! እንዴት ነበር፣ ዲድ ዩ ላይክ ኢት፣ በላሽ? አልበላሁም፣ ነይ አንቺ፣ እጇን ይዛ እየጎተተች ወደ ምግብ ቤቱ፣ ነጭ ጨርቅ፣ አበባ በብልቃጥ፣ ይሄ ሁሉ ኢንክሉድድ ነው እኮ፣ ልጅቱ ትስቃለች፣ አይ ኖው ማም፣ እኔ ነኝ የገዛሁት። እንቁላሉ ይመጣል፣ ድንቹ ይመጣል፣ አስተናጋጇ ተጨማሪ ዳቦ ይፈልጋሉ ትላለች፣ የስ ትላለች ሀረገወይን፣ ወንጌላዊት ሹካዋን ይዛ ታያታለች፣ ማም፣ አሁን የስ አልሽ? አልኩ።

አሁን በያት፣ አሁን፣ ዳቦው ሳይመጣ፣ ለቪዛ ኢንተርቪው የቀረበች ጊዜም እንዲህ አልፈራችም፣ ያ ክፍል፣ ትላለች፣ መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው? የቱ ክፍል? ለፋሲካ ያልሽኝ። ባቡሩ ይነቃነቃል፣ የአበባው ውኃ በብልቃጡ ውስጥ ይወዛወዛል፣ ለፀደይ ሰጥቼዋለሁ ልትል ነው፣ ትበል፣ መብቷ ነው፣ ፀደይም የሰው ልጅ ናት። እማዬ፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ አንቺ እኮ ኖ ብለሽኛል። አዎ፣ ብዬሻለሁ፣ እሺ ማለቴ ነበር፣ ሌላ ጊዜ ደግመሽ ጠይቂኝ፣ እኔ እናትሽ አንዴ አይበቃኝም፣ ዛሬ ግን ሳትጠይቂኝ እሺ ብያለሁ፣ ክፍሉ ካልሄደ።

ልጅቱ ሹካውን ታስቀምጣለች፣ ዓይኖቿ ይሞላሉ፣ እኔ እኮ፣ አማርኛው ይጠፋባታል፣ አይ ቶት ከኔ ጋር መኖር የማትፈልጊ መስሎኝ፣ ከቤተክርስቲያኑ፣ ከሰዎችሽ ርቀሽ፣ አይ ክራይድ ማም፣ መኪና ውስጥ፣ እስከ ሳን ሆዜ። ወይኔ ልጄን፣ ወይኔ፣ እኔ ሳህን ሳጥብ። ፀደይን ኮል አደርጋታለሁ ትላለች ልጅቱ፣ ገና አልፈረመችም፣ ሌላ ቦታ እፈልግላታለሁ፣ አር ዩ ሹር? እሺ። ሪሊ? እሺ አልኩሽ። እማዬ በሞቴ በይ? በሞትሽ አልልም፣ ከንቱ፣ ቁም ነገሬን ነው፣ እሺ ብያለሁ። እና ይሄው ልመናው ሦስት ሆነላት፣ ሀረገወይን ትቆጥረዋለች፣ ሳትፈልገው መጣላት፣ ሳቋ ያመልጣታል።

ወደ ምሥራቅ ነው፣ ትላለች ወንጌላዊት አፍንጫዋን በናፕኪኑ እየጠረገች፣ መስኮቱ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ከዚያ ዳቦውን ትቆርሳለች፣ እንቁላል ትጠቀልልበታለች፣ በእጇ፣ በዚህ ሁሉ ፈረንጅ መሀል፣ ተንጠራርታ፣ ይሄን ማን አስተማራት ደግሞ፣ ትልቅ ጉርሻ ነው፣ ከአፍ የማይገባ፣ ኧረ በቃኝ ልጄ የሚለው ቃል ከሀረገወይን ጉሮሮ ተነሥቶ እስከ ምላሷ ይመጣል፣ እዚያው ታስቀረዋለች፣ አፏን ትከፍታለች።